በ24 ባይት የተላከ ሠላም

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ኮምፒውተር 486 ነው። ፍጥነቱ 33 ሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪው 8 ሜጋባይት፣ ስክሪኑ 14 ኢንች። የስክሪኑ ስፋት 640 ነጥብ፣ ቁመቱ 480 ነጥብ ነው። መሃሉ ላይ አንድ መስኮት ተከፍቷል። በመስኮቱ ውስጥ ሦስት ፊደል ይነበባል፦ ሠላም።

ይህን ቃል የጻፈው ፕሮግራም ግን እዚህ የለም። በረንዳውን ተሻግሮ ባለው ክፍል፣ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚሠራው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው 14 ሜትር ጥቁር ገመድ ብቻ ነው።

ቤቴ ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ የመድኃኔዓለም ደወል ይሰማኛል። ገመዱን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። የሸጠልኝ ልጅ የአንቴና ገመድ መስሎት ነበር። የአንቴና ገመድ 75 ኦም ነው፤ ይህ 50። ሽፋኑ ላይ አርጂ-58 የሚል ታትሞበታል። ጫፉን በምላጭ ሲገልጡት ከውጭ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከሥሩ የመዳብ ሹሩባ፣ ከሹሩባው ሥር ነጭ ፕላስቲክ፣ እመሃሉ ላይ የመዳብ ሽቦ ይገኛል። ሹሩባው ለጌጥ የተጎነጎነ አይደለም። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በእሱ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ የሚከለክለውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ ተደራርቦ የገመዱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

በዚህ ገመድ የሚሠራው የድሮው ኢተርኔት ነው፤ 10ቤዝ2 ይሉታል። 10ሩ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት ማለት ነው። 2ቷ ደግሞ 200 ሜትር ለማለት ናት፤ ትክክለኛው ጣሪያ ግን 185 ሜትር ነው። ኮምፒውተሮቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ገመድ ላይ ይደረደራሉ። በየኮምፒውተሩ ጀርባ የቲ ቅርጽ ያለው ማያያዣ አለ፤ በገመዱ ሁለት ጫፎች ደግሞ ባለ 50 ኦም መዝጊያ። መዝጊያዋ የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ናት፤ በውስጧ አንዲት ሬዚስተር ብቻ ይዛለች። እሷን ያልገጠሙለት ገመድ አይሠራም። ምልክቱ ክፍት ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። ሬዚስተሯ ከገመዱ ጋር እኩል 50 ኦም ስለሆነች፣ ለምልክቱ ገመዱ ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል። ማያያዣው ሲገጠም ሩብ ዙር ዞሮ ቀጭ ይላል። ያንን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ መጥበቁን ለማረጋገጥ ስቤው አላውቅም።

አሁን ወደ መስኮቱ። ሥርዓቱ በአንድ ፊደል ይጠራል፤ ኤክስ። አዲስ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። በኤክስ ቋንቋ ሰርቨር የሚባለው ሩቅ ያለው ኮምፒውተር አይደለም፤ ፊት ለፊት ያለው ነው። ነገሩን በአማርኛ ካሰቡት ግን አያደናግርም። ሰርቨር አስተናጋጅ ነው፤ የሚያስተናግድ ደግሞ ቤት ያለው ነው። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውዙ ያሉት 486ቱ ዘንድ ስለሆነ አስተናጋጁ እሱ ነው። ፕሮግራሙ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። መስኮት ክፈትልኝ፣ መስመር አስምርልኝ፣ ይህን ቃል ጻፍልኝ ይላል። አስተናጋጁ በራሱ እጅ ይሥላል። እንግዳው ስክሪኑን ከቶ አይነካም።

ኤክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ ነው። ሠሪዎቹ ቦብ ሻይፍለር እና ጂም ጌቲስ ናቸው፤ ሥራው ያደገውም ፕሮጀክት አቴና በተባለው መርሐ ግብር ውስጥ ነው። መነሻቸው ከስታንፎርድ የመጣ ዳብልዩ የሚባል የመስኮት ሥርዓት ነበር። በላቲን ፊደል ተራ ከዳብልዩ ቀጥሎ ኤክስ ይመጣል፤ ስሙ ከዚያ ነው። ዳብልዩ እያንዳንዱን ጥያቄ ልኮ መልስ ይጠብቅ ነበር። ሻይፍለር መጠበቁን አስቀረው። እንግዳው ጥያቄውን ይልካል፤ መልስ የሚያስፈልገው ካልሆነ በስተቀር ሳይቆም ቀጣዩን ይልካል። ብዙው የኤክስ ጥበብ ከዚህች ውሳኔ የተፈተለ ነው።

የመጀመሪያው ኤክስ የተሠራለት ስክሪን ቪኤስ100 ይባል ነበር። በውስጡ የነበረው ቺፕ ሞቶሮላ 68000 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ማኪንቶሽ፣ በቀጣዩ ዓመት የወጡት አሚጋና አታሪ ኤስቲ የያዙትም ይህንኑ ቺፕ ነበር። ስለዚህ ኤክስ ወደ ቤት ኮምፒውተር መምጣቱ አይደንቅም፤ አእምሮው ከመጀመሪያው አንድ ነበር። ከአሚጋ የመጀመሪያ መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ዴል ላክ፣ ጂኤፍኤክስቤዝ በሚባለው ድርጅቱ በኩል ኤክስ11ን ለአሚጋ አቅርቧል። ኤክስ11 እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ነው፤ ዛሬም የምንጠቀምበት እሱኑ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ኮምፒውተር ደግሞ ቶማስ ሮል ኤክስ386ን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከእሱ ላይ የተነሡ ሰዎች ሥራቸውን ኤክስፍሪ86 አሉት። በእንግሊዝኛው ሦስት ማለት "ስሪ" ነው፤ "ስሪ"ን በ"ፍሪ" ለወጡት። የእኔ 486 የሚያስኬደው እሱን ነው።

ትውውቁ እንዴት እንደሚጀመር ልብ ብዬ አይቻለሁ። እንግዳው መጀመሪያ 12 ባይት ይልካል። የመጀመሪያዋ ባይት 66 ወይም 108 ናት፤ በላቲን ትልቁ ቢ ወይም ትንሹ ኤል ማለት ነው። ትርጉሟ "ቁጥር የምጽፈው ከትልቁ ጀምሬ ነው" ወይም "ከትንሹ ጀምሬ ነው" የሚል ነው። 68000 ከትልቁ ይጀምራል፤ የኢንቴል ቺፕ ከትንሹ። ሁለቱ ሲነጋገሩ አንዱ መገልበጥ አለበት። የሚገለብጠው ሁልጊዜ አስተናጋጁ ነው። እንግዳ በለመደው ቋንቋ ይናገራል፣ የቤቱ ባለቤት ይተረጉማል። ቀጥሎ የስምምነቱ ቁጥር ይመጣል፤ 11 ከዚያ 0። ከዚያ እንግዳው ለመግባት የሚያሳየው ማረጋገጫ ስምና ይዘት ርዝመት። የቀሩት ባይቶች ባዶ ናቸው፤ ቁጥሮቹ በ2 እና በ4 ቤት ላይ እንዲያርፉ የተተዉ ናቸው።

አስተናጋጁ ሲመልስ ከሚሰጠው ነገር ውስጥ ከሁሉ የምወደው አንድ የቁጥር ክልል ነው። "ከዚህ እስከዚህ ያለው ቁጥር ያንተ ነው" እንደማለት። ከዚያ በኋላ እንግዳው መስኮት ሲፈልግ ቁጥር ስጠኝ አይልም። ከክልሉ አንድ ቁጥር ራሱ ያነሣና "የዚህ መስኮት ስም ይህ ነው፣ ፍጠረው" ብሎ ይልካል። ይህ ጥያቄ ቢያንስ 32 ባይት ነው። ሳይጠብቅ ያንኑ ስም ጠርቶ "አሳየው" ይላል፤ ይህ 8 ባይት ብቻ ነው። መልስ ሳይመጣ ሁለቱም ተልከዋል። ክልል የማካፈሉ ሐሳብ ባይኖር ኖሮ፣ ለእያንዳንዱ መስኮት፣ ለእያንዳንዱ ፎንት አንድ የደርሶ መልስ ጉዞ ይባክን ነበር። በቀርፋፋ መስመር የሚገድለው ደግሞ የባይቱ ብዛት አይደለም፤ ጉዞው ነው።

ሠላም የሚለው ቃል ራሱ ገመዱን የተሻገረው በ24 ባይት ነው። ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያዋ ባይት 77 ናት፤ "ባለ ሁለት ባይት ፊደል ጻፍ" የሚለው ጥያቄ ቁጥር። ሁለተኛዋ 3 ናት፤ የፊደሎቹ ብዛት። ቀጥሎ በሁለት ባይት የጥያቄው ርዝመት አለ፤ 6 ይላል። የሚቆጠረው በ4 ባይት ስፍር ስለሆነ 6 ስፍር 24 ባይት ነው። ከዚያ 4 ባይት የመስኮቱ ስም፤ 4 ባይት ቀለሙና ፎንቱ የተመዘገበበት ሰሌዳ ስም፤ 2 ባይት ከግራ ያለው ርቀት፤ 2 ባይት ከላይ ያለው ርቀት። ይህ 16 ሆነ። ፊደሎቹ በየሁለት ባይት 6 ይወስዳሉ። 22። የቀሩት 2 ባይቶች ስፍሩን ለመሙላት የተጨመሩ ባዶዎች ናቸው። ሌላ ምንም የለም። ይኸው ቃል በ16 ነጥብ ቁመት እንደ ሥዕል ቢላክ ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ባይት፣ ለ16ቱ ረድፍ 128፣ ከነመግቢያው 152 ባይት በሆነ ነበር። የፊደሉ ቅርጽ አስተናጋጁ ዘንድ ስላለ፣ መንገድ የሚሄደው ስሙ ብቻ ነው።

ስድስቱ የፊደል ባይቶች እነዚህ ናቸው፦ 18 እና 32፣ 18 እና 11፣ 18 እና 29። 18 የፊደላችን ሰፈር መጀመሪያ ናት። ሁለተኛዋን ባይት ለ8 አካፍሏት። 32 ለ8 ሲካፈል 4 ደርሶ ምንም አይተርፍም፤ ሀን ዜሮ ብለን ከጀመርን አራተኛው ቤት ሠ ነው፣ ቀሪው ዜሮ ደግሞ ግዕዝ። 11 ለ8 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ የለ ቤት፣ ራብዕ፣ ላ። 29 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 5 ይተርፋል፤ የመ ቤት፣ ሳድስ፣ ም። ስምንተኛው ስፍራ እንደ ሏና ሟ ላሉት ዲቃሎች የተተወ ነው። የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ ስንደዶ ይዤ የቆጠርኩት ገበታ ይኸው ነው። ድርሻው ቤቱን ይነግራል፣ ቀሪው ድምፁን። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

የዓለም ፊደላትን በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ይህን ሰፈር ለግዕዝ ፊደል የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ገቡ። ጥያቄ ቁጥር 77 ግን ከ1987 ጀምሮ ነበረች። የኤክስ11 ሠሪዎች ፊደልን ባለ ሁለት ባይት ሲያደርጉ በቅርብ ያዩት የጃፓኑን ካንጂ ነው። ሁለት ባይት 65,536 ስፍራ ይሰጣል። በዚያ ዘመን የፒሲው የጽሑፍ ገጽ የሚይዘው 256 ቅርጽ ነበር፤ ቢለጠጥ 512። 33ቱ ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ 256ቱ አይበቃም፣ ለላቲኑም ቦታ አይተርፍም። ኤክስ ላይ ግን ለሌላ ሰው የተቆረጠው በር ለእኛም ቁመት በቃ። 12 ዓመት ክፍት ሆኖ ጠበቀ።

በሩ መኖሩ ብቻውን ፊደል አይሥልም። ሰው መቀመጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ቁልፍ የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ፤ ሴራ ይባላል። የሥርዓቱ ውበት ሳድሱን ጥሬ ተነባቢ ማድረጉ ነው። ኤስን ሲመቱ ስ ይመጣል፤ ኢን ሲያስከትሉ ስ ዓይንዎ እያየ ሰ ይሆናል። ንጉሡን ሠ ለማግኘት ከፊቱ ወደ ግራ ያዘነበለችው ትንሽ ጭረት ትመታለች። ሠላም ስድስት ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ የቁልፍ መልእክት ከአስተናጋጁ ወደ እንግዳው በ32 ባይት ይሄዳል፤ የኤክስ ክስተቶች ሁሉ፣ የማውዝ ንቅናቄም ሆነ የቁልፍ ምት፣ እኩል 32 ባይት ናቸው። ስድስት ምት 192 ባይት።

በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ደግሞ ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም የዓለምን ፊደላት እንዲችል ያደርጉ ነበር። የግዕዙን ክፍል የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ ነው፤ የቁልፍ አመታቱን ከሴራ ወሰደ። በእኔ ሌላኛው ክፍል የሚሠራው እንግዳ ይኸው ኢማክስ ነው። ከኢማክስ ጋር የሚመጣ አንድ ፋይል አለ፤ ሰላምታ በብዙ ቋንቋ የተዘረዘረበት። በአማርኛው ረድፍ የተጻፈው ሠላም ነው። ስክሪኔ ላይ ያለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው።

ፎንቱ ከጂኤንዩ የፎንቶች ስብስብ ነው። ግዕዙ በሁለት መጠን ተሠርቷል፤ በ16 ነጥብና በ24 ነጥብ። በኤክስ የአንድ ፎንት ሙሉ ስም 14 ክፍል አለው፤ ሠሪው፣ ቤተሰቡ፣ ክብደቱ፣ ዝንባሌው እያለ በጭረት ተከፋፍሎ ይሄዳል። በእነዚህ ፎንቶች ስም ውስጥ የሠሪው ቦታ ላይ አድማስ ተብሎ ተጽፏል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በማንኛውም ማረሚያ ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥሩ ይሰፍራል፤ ሠ 4640 ነው። ቀጥሎ የሚቀመጥበት ሳጥን መጠን። ከዚያ ረድፍ በረድፍ የበራውና ያልበራው ነጥብ።

ይህ ሥራ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ ለማወቅ አንድ ምሽት ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር ገዝቼ ሐን በ16 ካሬ ልሥል ተቀመጥሁ። ሐ ሦስት እግር አለው። እግር አንድ ነጥብ ከሆነ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት። ሦስቱ እግር 6 ነጥብ ወሰደ። በእግሮቹ መካከል ሁለት ክፍተት አለ፤ ሦስት ሦስት ነጥብ ስሰጣቸው ሌላ 6። ከግራ 1 ነጥብ ለትንፋሽ ተውኩ። 13 ሆነ። ከቀኝ የቀረኝ 3 ነጥብ ነው።

በእነዚህ 3 ነጥቦች ላይ ነው ቤተሰቡ ሁሉ የሚኖረው። ሑ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ይፈልጋል። ሒ ያንኑ ጭረት ከእግሩ ሥር ይፈልጋል። የሁለቱ ልዩነት የጭረቱ ከፍታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው በቂ ባዶ ረድፍ ከሌለ ካዕቡና ሣልሱ ይምታታሉ። ሔ ደግሞ ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበት በነጥብ ሲሠራ ትንሹ መጠኑ 3 በ3 ነው፤ ስምንት ጥቁር ነጥብ በአንዲት ነጭ ዙሪያ። ያቺ አንዲት ነጥብ ካልተተወች ቀለበቱ እብጠት ይሆናል። 3ቱም የቀኝ ነጥቦች በቀለበቱ ተያዙ ማለት ነው። ከሔ ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል የሚለየው ያ ፊደል በግራው የተወው 1 ነጥብ ብቻ ነው። ያቺን 1 ነጥብ መጀመሪያ በዘፈቀደ ነበር የተውኳት። ሔ ላይ ስደርስ ነው ምን እንደያዘች የገባኝ።

ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ሰባት ፊደል ሣልኩ። ከሰባቱ ሦስቱን ብቻ ነው ሳላፍር የማሳየው። ፎንቱን የሠራው ሰው ከሦስት መቶ በላይ ሥሎ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ሲቆም ረድፉ እንዳይዘም አድርጓል። ሠ የሐ ግልባጭ ስለሚመስል፣ ለሐ የተመረጠው የእግር ክፍተት ሠ ላይም መታየት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ከተለያየ ቤት የመጡ ይመስላሉ።

በ486ቱ ስክሪን ላይ ሌላ መስኮት ጎትቼ ሠላምን እሸፍነዋለሁ። ከዚያ መልሼ አነሣዋለሁ። ፊደሎቹ ለቅጽበት አይኖሩም፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ያቺ ቅጽበት ጉድለት ትመስላለች፤ ግን የተቆጠበ ነገር ናት። አስተናጋጁ በተሸፈነ መስኮት ውስጥ የነበረውን አያስቀምጥም። ሽፋኑ ሲነሣ ለእንግዳው "ከዚህ እስከዚህ ያለው ተገልጧል" የሚል ባለ 32 ባይት መልእክት ይልካል። እንግዳው ያንን ቁራጭ ብቻ እንደገና ይጽፋል። ስክሪን የሚሞላ መስኮት በ256 ቀለም 307,200 ባይት ይይዛል። አምስት እንዲህ ያለ መስኮት ቢደራረብና ሁሉም ቢቀመጥ፣ ከ8 ሜጋባይቴ 1.5ቱ ማንም ለማያየው ነገር ይሄድ ነበር። አስተናጋጁ ገጽታውን ይረሳል፤ እንግዳው ደግሞ የጻፈውን ያስታውሳል። ማን ምን እንደሚያስታውስ የተከፋፈሉበት መስመር ላይ ትርፍ የለም።

ከመስኮቶቹ ኋላ ያለው መደብ ግራጫ ነው። ከሩቅ ግራጫ፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ጥቁርና ነጭ ነጥብ። መሠረቱ 4 በ4 የሆነ ጥለት ነው፤ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ የያዘው ቦታ 4 ባይት ብቻ፦ 136፣ 34፣ 68፣ 17። በየረድፉ ከአራቱ ነጥብ አንዷ ብቻ ትለያለች። በመጀመሪያው ረድፍ 4ኛዋ፣ በሁለተኛው 2ኛዋ፣ በሦስተኛው 3ኛዋ፣ በአራተኛው 1ኛዋ። በአንድ ዓምድ ሁለት አይገኙም። ይህ ተደጋግሞ ስክሪኑን በ19,200 ቅጂ ይሞላል። ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 በተራ ቢሆኑ ኖሮ ዓይን የሚያየው ግራጫ ሳይሆን ሰያፍ ሰንበር ነበር። ተራውን ማፍረሳቸው ነው ሰንበሩን የሰበረው።

ግቢያችን ውስጥ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ አሉ። አንድ ቀን ጠርቻቸው ማጉያውን ሰጠኋቸው። ዝም ብለው ብዙ አዩ። በጥፍራቸው መስተዋቱ ላይ ቆጠሩ።

"ይኼ ሽመና ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ማጉ አንዱን ድር ይይዝና ሦስቱን ይዘላል።"

"እርስዎ ይሠሩታል፣ ጋሼ?"

"የኔ እቃ ሁለት መርገጫ ነው ያለው። ይኼ አራት ይፈልጋል።"

ከዚያ ሌላ ነገር ሳይሉ ቆጠራቸውን ቀጠሉ። ኤክስን የሠሩት ሰዎች ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አንድ ባለ 4 በ4 ጥለት በስብስባቸው ውስጥ አስቀምጠዋል፤ በእንግሊዝኛ የሰጡት ስም ሽመና ማለት ነው። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም ነበር።

እንከኖቹን አልሸሽግም። መብራት ሲሄድ 486ቱ ይጠፋል። ሌላኛው ክፍል ያለው ኮምፒውተር በባትሪ ቢተርፍም በስክሪኑ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች አብረው ይሞታሉ፤ አስተናጋጁ ከጠፋ እንግዳው መሄጃ የለውም። እዚህ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ጠፍቶብኛል። ማረጋገጫውም ደካማ ነው። የ16 ባይት ምስጢር ነው፤ በገመዱ ላይ ሳይሸፈን ይሄዳል። ገመዱን የሚያዳምጥ ሰው ያገኘዋል። በ14 ሜትር ግቢ ውስጥ ይህ አያሳስበኝም፤ በሰፊ መረብ ላይ ግን እንዲህ መተው አይገባም፣ ዛሬ የሚጠቀሙበት ሰዎችም በተመሰጠረ መስመር ውስጥ ነው የሚያሳልፉት።

እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ወደ 5,000 የሚጠጉ ኤክስኦ የሚባሉ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች መጥተው ነበር። ኪቦርዳቸው ፊደል ነበረው። ልጆቹ የሚያዩት ሱገር የሚባለው ገጽ የቆመው በኤክስ ላይ ነው። እንግዳውና አስተናጋጁ በአንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ፣ በመካከላቸው ገመድ አልነበረም፤ ያው 32 ባይት ክስተት ግን ልጁ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ይሄድ ነበር።

ትናንት ማታ ስለዚያ ሠላም አሰብኩ። ቃሉ በእሳቱ ሰ እንጂ በንጉሡ ሠ አይጻፍም፤ የኔታ ቢያዩት ስንደዶዋን እዚያ ላይ ያቆሟት ነበር። ቃሉን አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩት። ይህኛው አምስት ቁልፍ ነው፤ ጭረቷ አታስፈልግም። ገመዱ ላይ የሚያልፈውን የሚመዘግብ ፕሮግራም ከፍቼ ነበር። ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን አድርጌ ባይት በባይት አስተያየሁ። 77 ያው ናት። 3 ያው ናት። 6 ያው ነው። መስኮቱ፣ ሰሌዳው፣ ርቀቱ ያው። 18 ያው ናት። 18ኛዋ ባይት ላይ 32 የነበረው 48 ሆኗል። 48 ለ8 ሲካፈል 6 ነው፤ ከሀ ተነሥቶ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። የቀሩት 23 ባይቶች አልተነኩም።